ከመጋረጃው ኋላ ቦታ አለ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለደብተር አሽታቿ ልጄ፤

ጥፋተኛው አባትሽ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት ኋላ ልቤ ራርቶ እንዳልተወው ብዬ ነው። አንቺ በሰው አገር ብቻሽን ለመቅረትሽ፣ እኔም እዚህ ከመስታወት መሞረጃ ብረት ጋር እያወራሁ ለማርጀቴ ሌላ የምከሰው ሰው የለኝም። ሞቷልና ተይው የሚሉኝ አሉ። መሞቱን እኔም አውቃለሁ። ቢሞትም ጥፋቱን ይዞት አልሄደም፤ እዚሁ ጥሎብኝ ነው የሄደው።

አሁን እንደ ደንቡ ልጠይቅሽ። እንደምን ከረምሽልኝ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያኮርፈኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። አሁንም መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምትስቀው፤ አንድ ቀን ትውጠዋለች።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ማንንም ሳልለምን ራሴ አነበብኩት። በፊት አባትሽ ሲያነብልኝ አንቺ ሁልጊዜ ደስተኛ ነበርሽ። ወረቀቱ ግራና ቀኙ ተጽፎበት፣ እሱ አንብቦ ሲጨርስ የሚወጣው ግን ያው ነው፦ ደህና ናት፣ ሥራው ተስማምቷታል፣ ናፍቀሻታል። "ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ለዚህ ነው?" ስለው፣ "ሰላምታው ነው የበዛው" ይለኛል። እልህ ይዞኝ ነው በስተርጅና የማታ ትምህርት የገባሁት። ልጄ ሊሆን ከሚችል አስተማሪ ፊት እጄን አውጥቼ "ይህቺ ማን ትባላለች?" እያልኩ የተማርኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

እና ያልሽውን ሁሉ፣ አንድም ሳይዘለልልኝ አነበብኩ። የዚያን የትልቁን ቴሌስኮፕ መስታወት የማለስለስ ሥራ ከመነሻው የመራሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ፣ ሊያልቅ ሲል አንቺው ላስተማርሽው ሰውዬ እንደሰጡት። አለቃሽም ፈገግ ብሎ፣ "አንቺ ሰው አያያዝ ታውቂያለሽ፤ እንግዳ ተቀብለሽ ብታስጎበኚ ይሻልሻል" እንዳለሽ። በክፍሉ ውስጥ ሴት አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ዞር ብለሽ "ሰማሽ ያለውን?" የምትያት እንኳ እንደሌለች። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ "እማዬ፣ ደከመኝ። ነይ ካልሽኝ ሁሉንም ትቼ እመጣለሁ። የአባዬን ሱቅ አብረን እንሠራለን" ትያለሽ።

ነይ ካልሽኝ አልሽኝ! በየደብዳቤው ጫፍ ነይ፣ መቼ ነው የምትመጪው፣ እስኪ ነይ ስትል የኖረችን ሴትዮ! መልስ ለመጻፍ ሳምንት የፈጀሁት ለዚህ ነው። ታገሺኝ፤ ትንሽ ራቅ ብዬ ልጀምር።

የመነጽር ሱቃችን እንዴት ነው የሚታይሽ? እኔ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የዱሮው ነው። ፊት ለፊት የደንበኛው ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የፊደል ሰሌዳው፣ ባለመስታወቱ መደርደሪያ ውስጥ ባዶ ፍሬሞች ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች መስለው። ከዚያ መጋረጃው። ከመጋረጃው ኋላ የኔ በርጩማ፣ ጎድጓዳዎቹ ብረቶች፣ የውሃው ባልዲ፣ የመሞረጃው ዱቄት። አንቺ ከጠረጴዛዬ ሥር የፍሬም ካርቶን ውስጥ ትተኚ ነበር። መስታወቱ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው እሽሽታ እንቅልፍሽ ነበር፤ እጄን ካቆምኩ ትነቂያለሽ። የሚሞረድ ሲያልቅብኝ ባዶውን ብረት እያሸሁ አስተኛሽ ነበር። አባትሽ ከፊት ሆኖ፣ "ደንበኛ ሳይኖር ማንን ነው የምትሞርጂው?" ብሎ ይቀልድብኛል።

ከፊት እሱ፣ ከኋላ እኔ። እሱ ዓይን ይለካል፣ ቁጥሩን በመጋረጃው ሥር ይነግረኛል፣ እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ያስረክባል። "ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ!" ይሉታል። "አሜን" ይላል። እኔም ከኋላ ሆኜ በሆዴ አሜን እላለሁ፤ እጁስ የኔ አይደል?

አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን ተናገረ። አንድ ወፍራም ነጋዴ መነጽሩን አደረገ፣ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ወዲህና ወዲያ አየ። "ጋሼ፣ እጅህ ወርቅ ነው! እንደገና ተወለድኩ እኮ!" አለ። አባትሽ ደስታው አሳሳተውና፣ "የኔ እጅ አይደለም፣ የባለቤቴ ነው። እኔ እለካለሁ፣ መስታወቱን የምትሠራው እሷ ናት" አለው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ።

"ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ትንሽ ሲያዞረኝ ነበር።"

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ወጣ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አባትሽን አየሁት፤ እሱም አየኝ። "እውነቱን ስናገር ገበያው ይሸሻል፤ ምን ላድርግ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። እኔም መጋረጃውን ወደ ቦታው መለስኩት። ነጋዴውንማ ረስቼዋለሁ፣ መልኩም ጠፍቶኛል። ያልረሳሁት ያንን "ምን ላድርግ" ነው።

አንቺ ግን መጋረጃ የማያግድሽ ነበርሽ። ከኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ ስትመላለሺ ትውያለሽ። ትምህርት ቤት ሳትገቢ ፊደሉን ከግድግዳው ሰሌዳ ለቀምሽው። ከላይ ያለችውን ትልቋን፣ ከዚያ ሁለቱን፣ እያለ እያለ ትንኝ እስከሚያካክሉት እስከ ታችኞቹ ድረስ። ገመድ ስትዘይ እንኳ እንደ ዘፈን ትይው ነበር። አባትሽም ሥራ ሰጠሽ። ፈሪ ደንበኛ ሲመጣ፣ "ነይ እስቲ፣ እንዴት እንደሚነበብ አሳዪያቸው" ይልሻል። እጅሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ፣ አገጭሽን ቀና አድርገሽ፣ አንድ ሳትስቺ እስከ ታች! ሰው ያጨበጭብልሻል። "የመነጽር ሠሪ ልጅ ዓይኗ እንዲህ ነው" ይላል፤ ሱቁን ሊያስተዋውቅብሽ።

ትምህርት ቤት ገብተሽ አፍንጫሽን ደብተር ላይ ደፍተሽ ስትጽፊ ልጆቹ "አሽታቿ" አሉሽ። አባትሽ በዚህም ኮራ። "ልጄ ደብተሯን ካላሸተተች አይገባትም" እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራል። እኔ ነኝ፣ "ኧረ ይህቺ ልጅ አታይም" ያልኩት።

"እንዴት አታይም? እስከ ታችኛው መስመር ታነብ የለ እንዴ?"

"ጀርባዋን ሰጥታም ታነበዋለች።"

"አንቺ ደግሞ! ፊደሉን እንኳ ሳታውቂው…"

ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ግን በልቤ ጨረስኩለት።

የሳይንስ አስተማሪሽስ ትዝ ይልሻል? ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ማንበብ ሲያቅትሽ ዳተኛ ናት ብሎ መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀመጠሽ። እዚያማ ጭራሽ ጨለመብሽ። አንድ ቀን ሁለታችንን ጠርቶ፣ "ልጅቱ ጨዋ ናት፣ ትንፋሿ አይሰማም። ቁጥርና ሳይንስ ግን አይሆናትም፤ ሴት ልጅ ናት፣ አትፍረዱባት። የእጅ ሙያ ብታስይዟት ይሻላል" አለን። አባትሽ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ የተሰነጣጠቀ እጄን ከመቀነቴ ሥር ከተትኩት። የእጅ ሙያ ማለት ምን እንደሆነ ይነግረኛል እንዴ?

በዚያ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የፊደል ሰሌዳው ራሰ፣ ሻገተ። አባትሽ አዲስ ገዝቶ ሰቀለ። አዲሱ ፊደሎቹ ሌሎች ነበሩ። አንዲት ነርስ ዓይኗን ልትለካ መጣች፤ ቸኩላ ነበር፣ ነጭ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። አባትሽ እንደ ልማዱ ጠራሽ። እጅሽን አጣመርሽ፣ አገጭሽን ቀና አደረግሽ፣ የድሮውን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ወረድሽው። አንድም አላዛነፍሽም።

ነርሷ ግድግዳውን አየች። አንቺን አየች።

"የኔ ቆንጆ፣ የቱን ነው የምታነቢው?"

"ያውና!" አልሽ፤ በጣትሽ አሳየሻት።

መሳቅ ጀምራ ነበር፣ የአባትሽን ፊት ስታይ ተወችው። እሱ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያኔ ነው ያየሁት። "የስንቱን ሰው ዓይን ለክቻለሁ" አለ። መነጽሩን አውልቆ ደግሞ፣ "የስንቱን ሰው!" አለ። ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ፣ "ነገ እመለሳለሁ ጋሼ፤ ዛሬ የልጅዎን ይለኩ" ብላ ወጣች። ጨዋ ሴት ነበረች።

ለካሽ። ቁጥሩን በመጋረጃው ሥር አልነገረኝም፤ ራሱ ገብቶ ነገረኝ። እንዲያ ያለ ቁጥር ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ መሃሉ ስስ፣ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ቂጥ። እስክጨርስ አጠገቤ ቆሞ ባልዲውን ሲሞላልኝ፣ ዱቄቱን ሲያቀብለኝ ዋለ። ከፊት ሰው "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ሲጠራው አልወጣም። በትዳራችን ውስጥ ከሁሉ የምወደው ቀን የትኛው ነው ብትይኝ፣ ያ ነው። ይህን ስል ክሴን ማንሳቴ አይደለም።

መነጽሩን ስታደርጊ እንደፈራሁት አላለቀስሽም። መጀመሪያ እኔን አየሽ። "እማዬ፣ እጅሽ ለካ ተሰነጣጥቋል!" አልሽ። ቀጥለሽ ዞረሽ፣ "አባዬ፣ ሽበት አለህ እኮ!" አልሽው። ሳቀ። ሳቀና መንገድ ዳር ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ጥፋቱ እንግዲህ ከዚህ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ቀን ወዲህ "እምቢ" የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። "ማየት የፈለግሽውን ሁሉ ታያለሽ" ብሎ ቃል ገባልሽ። አንቺም ትንሽ ነገር አልጠየቅሽም፤ ጨረቃን አልሽ። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ገዝቶ መጣ። መስታወቶቹን እኔ ሞረድኩ። የመጀመሪያው ጥንድ ተበላሸብኝ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቀለም እየረጨ አስቸገረ፤ ሁለተኛው ተሳካ። አመሻሽ ላይ ግቢያችን ውስጥ ቧንቧውን በወንበር ደገፍነው። አባትሽ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። "አባዬ፣ ይበቃሃል፣ ተራዬ ነው!" እያልሽ ኮቱን ትጎትቻለሽ። መጨረሻ እኔ አየሁ።

"ፊቷ ሁሉ ጠባሳ ነው" አልኩ።

"ጠባሳ አይደለም እማዬ፣ ጉድጓድ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"አየሁታ!"

እንዴት እንዳልሽው ብትሰሚው። አየሁታ! ከዚያ በኋላ ማንም ከመጨረሻ ወንበር ሊያስቀምጥሽ አልቻለም። ያ አስተማሪ ከክፍሉ አንደኛ ስትወጪ ምን አለ መሰለሽ? "እኔም ጠርጥሬ ነበር።" ምኑን ነው የጠረጠረው!

ኋላ የነፃ ትምህርቱ ዕድል መጣና ባሕር ማዶ ልትሄጂ ሆነ። እኔ አይሆንም አልኩ። አባትሽ፣ "ቃል ገብቻለሁ" አለ። "ለኔስ ምን ብለህ ነበር ስታገባኝ?" ብለው ሻንጣሽን ተሸክሞ ወጣ። ፈረድሽልኝ? ጥፋተኛው እሱ ነው። ያን ቀን "ልክ ነሽ፣ ልጅቱ አታይም" ብሎኝ ቢሆን ኖሮ መነጽር ያደርግልሽ ነበር፣ ነገሩም በዚያ ያልቅ ነበር። የቆጨው ሰው ነው ጨረቃን የሚያህል ነገር ቃል የሚገባ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። አንብቤ ስጨርስ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ፍራሽሽን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ልብስ ሰፊዋ አየችኝ።

"ምን ተገኘ ዛሬ? ሙሽራ ልትቀበዪ ነው?"

"ልጄ ልትመጣ ነው። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ አለች።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂና ነይ በያት! ሐሳቧን ሳትለውጥ!"

ለአጎትሽም ነገርኩት። ከአባትሽ ወዲህ ፊት ለፊት የሚቀመጠው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰውዬው ክፋት የለበትም። ደስ አለው። "ትምጣ እንጂ! የተማረች ልጅ ናት፣ እዚህ ትረዳናለች። ከመጋረጃው ኋላ ቦታ አለ" አለኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ በርጩማ ፈልጌ ከበርጩማዬ ጎን አስጠጋሁልሽ። ክርናችን እንዳይጋጭ ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ከዚያ በቦታዬ ተቀመጥኩና ቦታው ይበቃን እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። አየሁሽ ልጄ። ያን የሚያህል መስታወት ያለሰለሰው እጅሽ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ፣ ፊትሽ ወደ መጋረጃው፣ ከወዲያ በኩል አንድ ደንበኛ አጎትሽን "እጅህ ይባረክ!" ሲለው፣ አንቺ ደግሞ በሆድሽ አሜን ስትዪ። በርጩማውን አንስቼ ወደነበረበት መለስኩት።

አለቃሽ ከፊት ሆነሽ እንግዳ ተቀበዪ ይልሻል፣ አጎትሽ ከኋላ ሆነሽ ሥሪ ይልሻል፤ ሁለቱም ፈገግ እያሉ ነው። የሠራሽውን ግን ሁለቱም ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። ከዚያ ወደዚህ ለመምጣት ምን ያደክምሻል?

ስለዚህ ስሚኝ። ጠዋት ገብተሽ አለቃሽ ፊት ቁሚ። በፈገግታው አትታለዪ። "ይህን መስታወት እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ የምጨርሰውም እኔ ነኝ። ካልሆነ ምክንያቱን በሰው ፊት ንገረኝ" በዪው። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ፣ ግን እስከ መጨረሻው በዪው። እምቢ ቢል ከሱ በላይ ያለውን ጠይቂ። እሱም እምቢ ቢል መስታወት የሚለሰልስበት ቦታ እዚያ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ፈልጊ። እኔን ያኔ ከመጋረጃው ኋላ "ውጪ" ያለኝ ሰው አልነበረም። አንቺን ግን እኔ እልሻለሁ።

ብቻዬን ነኝ ላልሽው፣ የልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ ስላንቺ መጠየቅ አይሰለቻትም። "እውነት የከዋክብት ማያውን መስታወት የምታጥበው እሷ ናት?" አለችኝ። "አታጥበውም፣ ታለሰልሰዋለች" አልኳት። "በሳሙና?" አለች። ሳቄን ዋጥ አድርጌ በምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ "እኔም እችላለሁ" ብላኝ ሄደች። ለዚህች ልጅ ምን ብዬ ልንገራት? ሠርታ ሠርታ እንግዳ አስጎብኚ ሊያደርጓት ሲሉ ተመለሰች ልበላት?

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ "አይገባሽም እማዬ" እንዳትዪኝ። መጨረሻ ላይ የምትጠቀሙበት ዱቄት ምን ዓይነት ነው? ውሃውን ታንጠባጥቡበታላችሁ ወይስ በጨርቅ ነው? ያን የሚያህል ነገር እንደ ጠራ በምን ይታወቃል? ድምፅስ አለው? የኔዎቹ ሲያልቁ እሽሽታቸው ይቀጥናል። ያንን መስታወት አንድ ጊዜ እንኳ በእጄ ጫፍ… ብቻ ተዪው። ሁሉንም ጻፊልኝ። ረጅም ቢሆን ግድ የለም፣ ጊዜ አለኝ።

ጣዪው ያልሽኝን የአባትሽን መነጽር አልጣልኩትም። ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ። አቧራ ስለማልወድ ነው።

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ እጅሽን አያዝልብኝ። ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ፤ ካልሰወረሽም አፍ ይስጥሽ። የሠራሽው በስምሽ ይጠራ። እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ክፉ ወሬሽን አልስማ።

ፍራሽሽን ከፀሐይ አስገብቻለሁ። ልብስ ሰፊዋ አብደሻል ብላኛለች፤ ትበል። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ቤቱም ቤትሽ ነው፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ነይ አልልሽም።

እናትሽ